አባቴ የሞረደው ራም

እናቴ በሞተች በሦስተኛው ወር አባቴ ኮምፒውተር ሊገዛልኝ ተነሳ። አሥራ ሁለተኛን ካለፍኩ እንደሚገዛልኝ ቃል የገባችው እሷ ነበረች። ውጤቱ መጣ፣ አለፍኩ፣ እሷ ግን የለችም። አባቴ አንድ ጠዋት ጫማውን እያሰረ፣ ወደ ግድግዳው እያየ፣ የእናትህ ቃል ነውና የሚያስፈልግህን ጻፍ አለኝ። እሺ አልኩ። ደስ አላለኝም። ያኔ ደስ የሚለኝም የሚከፋኝም ነገር አልነበረም።

ለቅሶው ላይ አንዲት እንባ አልወጣችኝም። ሰባተኛ በሚባለው ሰፈራችን ደግሞ ይህን ልብ የማይል ሰው የለም። አብሽር፣ አብሽር እያሉ ትከሻዬን መታ መታ የሚያደርጉኝ ሴቶች ዞር ሲሉ፣ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ሲባባሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እውነታቸውን ነው ብዬ አለፍኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ሆዷን ሲያማት አባቴ ጨጓራ ነው አለ። እኛ ቤት ሆድ ከታመመ ጨጓራ ነው፣ አለቀ ደቀቀ። ከፋርማሲ ያንን ነጭ ፈሳሽ መድኃኒት አመጣላት። ሐኪም ቤት እንውሰዳት አልኩት። በነጋታው ደግሜ አልኩት። ይለቃታል አለኝ። በአራተኛው ቀን ሲወስዳት ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አባቴ ዓይኔን አያይም፤ እኔም ስለዚያ ትንፍሽ አላልኩም። የቀረነው ሁለት ነን፤ አፌን ከከፈትኩ እሱንም አጣዋለሁ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ስለ ኮምፒውተር አወራን።

ኮምፒውተሩን የፈለግኩት ለጌም ነው። ጌም ቤት ውስጥ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ያደረገን ሰው ማንም አብሽር አይለውም። ያንን እቤቴ ፈለግኩ። የሰፈራችንን ጌም ቤት ባለቤት ስነዘንዝ ሰንብቼ ዝርዝሩን ከደብተር በቀደድኩት ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ፕሮሰሰሩ ዕቃው ሁሉ ከሚሰካበት ማዘርቦርድ ጋር ካልገጠመ ሁለቱም ብረት ናቸው። ጌሙን የሚያስኬደው ግራፊክስ ካርድ ኃይል ይበላል፤ ፓወር ሰፕላዩ ካልቻለው ጌሙ መሀል ላይ ድርግም ይላል። ራም የሚባለው ቀጭን የማስታወሻ ሰሌዳ ደግሞ ዓይነት አለው። አሮጌው ዓይነትና አዲሱ ቁመታቸው አንድ ነው፣ ከታች ያለችው ክፍተት ብቻ ቦታዋ ትንሽ ይለያል። አዲሱ ብዬ ጽፌ ሁለቴ አሰመርኩበት።

የአባቴ ደንበኛ የሆነ ነጋዴ ከሲኒማ ራስ ወረድ ብሎ፣ አንድ ፎቅ ላይ ያገለገለ ኮምፒውተር ይሸጣል። መርካቶ ውስጥ የለም የሚል ነጋዴ አላየሁም፤ እሱም ከሌለው ከጎረቤት ሮጦ ያመጣል። ይህ ከዚያ ጋር ይሄዳል ወይ ስለው፣ ሁሉም ይሄዳል ባይ ነው። መጀመሪያ ያወረደልኝ ካርድ ለብቻው የኃይል ገመድ የሚፈልግ ነበርና መለስኩለት። ሌላ አመጣ፣ ወረቀቴን አይቼ እሱንም መለስኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብሎ ሳቀብኝ። እኔ አልሳቅኩም፣ ወረቀቱንም አልለቀቅኩም። በሦስተኛው ተስማማን። አባቴ አጠገቤ ቆሞ ያያል። ራም ሲቀር ሁሉም ተሟላ፤ ነጋዴው የተሟላውን ገጣጥሞ ሰጠንና ራሙን ሰኞ አመጣለሁ አለን።

እሑድ ፀጉሬን ልቆረጥ ወጥቼ ረፋድ ላይ ተመለስኩ። አባቴ ሳሎን ወለሉ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ፣ ኮምፒውተሩን ፊቱ አድርጎ ተቀምጧል። እጁ ላይ ሞረድ አለ።

አባቴ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ሲሸጥ ሠላሳ ዓመት ኖሯል። ገዢ አሮጌውን ዕቃ በእጁ ይዞ ይመጣል፣ እሱ ከመደርደሪያው መሳዩን ያወርዳል፣ ትንሽ እምቢ ካለ ሞርዶ ያስገባዋል። የማይገባ ዕቃ የለም፣ የሰነፈ እጅ ነው እንጂ ይል ነበር። ሰኞ እስኪደርስ ልጄ ለምን ይጠብቅ ብሎ የራሙን ማስገቢያ በክር ለክቶ፣ ከሌላ ሱቅ በቁመቱ ልክ የሆነ ገዝቶ መጥቷል። አሮጌውን ዓይነት። ክፍተቷ አልገጥም ስትለው ሞረዳት። ጋዜጣው ላይ ወርቅማ ብናኝ ነበር። አስገብቶ፣ ተጭኖ፣ አብርቶታል።

ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ማዘርቦርዱ ራሙ ሥር ጠቁሯል። መናደድ ነበረብኝ፣ ግን እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ነው ያየሁት።

«አበላሸሁት አይደል?» አለ።

ችግር የለም ልለው አፌን ከፈትኩ። ሦስት ወር ሙሉ ለሁሉም ሰው ያልኩት እሱን ነው። እሱ ቀደመኝ።

«ችግር የለም እንዳትለኝ። አበላሸሁት?»

ዓይኔን እያየ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

«አዎ አባዬ» አልኩት። «አበላሸኸው። ነግሬህ ነበር።»

ስለ ራሙ በአፌ ነግሬው አላውቅም፤ ወረቀት ላይ ነው ያሰመርኩበት። አባቴ ሞረዱን ጋዜጣው ላይ አስቀመጠ።

«ሁለት ጊዜ ነግረኸኛል» አለ።

እንባዬ ያኔ መጣ። ማልቀስ የጀመርኩ አልመሰለኝም፣ አፍንጫዬ የደማ መስሎኝ በእጄ ጠረግኩት። አባቴ ብናኝ በያዘው እጁ አዲስ የተቆረጠውን ጭንቅላቴን ይዞ ደረቱ ላይ አስጠጋኝ። እሱም ያለቅስ ነበር። አብሽር አላለኝም፤ በዚህ አመሰግነዋለሁ። ምሳ ሳንበላ ዋልን።

ሰኞ የተቃጠለውን ማዘርቦርድ በፌስታል ይዘን ሄድን። ሰባተኛ ለባቡሩ ተቆፍሮ አቧራው አያስተነፍስም ነበር፤ አባቴ ጉድጓዱን ስንሻገር ክንዴን ያዘ። ነጋዴው ለአባቴ ሲል ግራፊክስ ካርዱን ተቀብሎ በሌላ ማዘርቦርድ ለወጠልን። ካርዱ ከሄደ የምፈልገው ጌም እንደማይሠራ አውቃለሁ፤ ይሁን አልኩ። ከዚያ ራሙን አወረደና ለአባቴ ዘረጋለት፣ ይሄዳል ጋሼ፣ አሳምሮ ይሄዳል እያለ።

አባቴ ተቀበለውና ወደ ብርሃኑ አነሳው። ክፍተቷን በጥፍሩ ነካት። ሠላሳ ዓመት ስለ ዕቃ ማንንም ጠይቆ የማያውቅ ሰው ወደ እኔ ዞረ።

«እኔ አላውቀውም» አለኝ። «አንተ እየው።»