ከላሟ ጋር የከረመችው መኪና

ባለቤቴ "መኪና ገዝቼ መጣሁ" ሲለኝ የጭነት መኪና መስሎኝ ነበር። ያን ጊዜ ደባርቅ ላይ መኪና ማለት ወይ እህል ጫኝ ነው፣ ወይ አውቶቡስ ነው፣ ወይ የመንግሥት ጂፕ ነው። ወጥቼ ሳይ ግን ከአንድ ጭነት መኪና ኋላ በገመድ ታስራ የቆመችው ነገር ቁመቷ ከወገቤ ብዙም አይበልጥም። ወንበሯ ሁለት ብቻ ነው። ጣሪያዋ ሸራ ነው፤ ሸራውም ተተልትሎ ተንጠልጥሏል። መልኳ ጥቁር ሰማያዊ ነበር፣ ከሥሯ ግን ዝገት በልቷታል።

"ምንድን ናት?" አልሁት።

"የእሽቅድምድም መኪና ናት። ጣሊያን ሠራሽ።"

"ከማን ጋር ልትሽቀዳደም?"

ገመዱን መፍታት ጀመረ።

ጎንደር ያስተምር የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሊመለስ ሲነሣ ነው የሸጠለት። እስከ ዳባት በራሷ መጥታ፣ እዚያ ጭስ ተፍታ ቆመች። ቀኑ ገበያ ነበር። የዳባት ገበያተኛ ከቧት እየሳቀ ሳለ አንድ የሚያውቀው ሾፌር ደርሶ በገመድ ጎትቶለት ነው ደባርቅ የገባው።

ባለቤቴ የሊማሊሞን መንገድ ከሚጠግኑት የግሬደር ነጂዎች አንዱ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ባልትና አስተምር ነበር። በዚያ ዓመት የማድ ቤታችንን ሣር አፍርሰን ቆርቆሮ ልናለብሰው ተማክረን፣ ምሰሶው ሁሉ ተቆርጦ ደጅ ተጋድሞ ነበር። እሱ ደግሞ ይህችን ይዞ መጣ። አልተጣላሁትም፤ ዝም አልሁት። ዝምታዬ ከጠብ እንደሚብስ ያውቃል።

ሰኔ ገብቶ ስለነበር ደጅ ልታድር አልቻለችም። ሌላ ጣሪያ ያለው ቦታ ስላልነበረን አንዲቷን ላማችንን ወደ አንድ ጥግ አስጠግቶ መኪናዋን ጋጥ አስገባት። ላሟ አሸተተቻት፣ ቀጥሎም ፊት ለፊቷን በምላሷ ላሰቻት። ተኮራርፈን ሳለን እንኳ ሣቄን ለመያዝ ፊቴን አዞርሁ።

ክረምት ሲጠና ግሬደሩ ጭቃ ውስጥ አይሠራም። ዳገቱ ተንዶ መንገድ ካልዘጋ በቀር ባለቤቴ እቤት ይውል ነበር። ከጧት ጀምሮ ጋጥ ይገባና ምሳ ሰዓት ካልጠራሁት አይወጣም። አንድ ቀን ብጠራው አልሰማ አለኝና ምሳውን ይዤለት ሄድሁ። እስከዚያ ቀን ወደ ውስጥ አላየሁም ነበር።

የሞተሩን ክዳን አውርዶ፣ ሆዱን ከፍቶ፣ የወጣውን ሁሉ በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ደርድሮታል። ትልቁ ከትልቁ፣ ትንሹ ከትንሹ፣ በወጣበት ተራ። ያችን የመሰለች የዛገች ነገር ውስጧ እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም። ከጣሪያው ቀዳዳ በገባው ብርሃን ብረቱ ሁሉ ያበራል። ምሳውን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ።

"እጅሽን አምጪ" አለኝ።

ጣቴን ይዞ ፒስተኑ ከሚመላለስበት ጉድጓድ ውስጥ አስገባልኝ። ልሙጥ ነው፤ ብርሌ ውስጥ ጣት እንደማስገባት። ዙሪያውን ብዳብስ ጥፍሬን የሚይዝ አንድ ጭረት አጣሁ።

"ይህን ሰው ነው የሠራው?"

"ሰው ነው" አለ። "እኔም መጀመሪያ ያየሁ ዕለት እንዳንቺ ነው የጠየቅሁት።"

ኩርፊያዬ የት እንደሄደ አላውቅም። አንድ በርጩማ ስቤ አጠገቡ ተቀመጥሁ።

ከዚያ በኋላ ክረምቱ የሁለታችን ሆነ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ከሰዓት በኋላ መሠረተ ትምህርት ከማስተምርባት ጊዜ በቀር ጋጥ ነው የምውለው። እሱ ወለሉን የበላውን ዝገት ቆርጦ ከአሮጌ በርሜል ባወጣው ላሜራ ጣፈው። ፍሬኑን ፈታ፣ ካርቡራተሩን በቤንዚን አጠበ። ለእኔ የሰጠኝ ሥራ ቫልቮቹን ነበር። ቫልቭ ማለት እጀታው ረጅም፣ ራሱ ጠፍጣፋ፣ እንጉዳይ የመሰለ ብረት ነው። ራሱ ከመቀመጫው ጋር አየር ሳያሳልፍ መግጠም አለበት። የሻጩ ዕቃ ሣጥን ውስጥ ከተገኘች ቆርቆሮ ደቃቅ አሸዋ ያለበት ቅባት ትቀባለህ፣ እንጨት ታስይዘዋለህ፣ በሁለት መዳፍ መካከል ወዲያና ወዲህ ታሽከረክረዋለህ።

"እንዝርት ማሾር አይደለም እንዴ?" አልሁት።

"ለዚያ ነው ላንቺ የሰጠሁሽ።"

መዳፌ እስኪቃጠል አሾርሁ። ሲበቃው ድምፁ ይለወጣል፤ መጀመሪያ ይፋጫል፣ ኋላ ሹክ ሹክ ይላል። ሁሉንም ስጨርስ ባለቤቴ ቫልቮቹን የሞተሩ ክዳን ላይ ገጥሞ ገለበጠውና ጉድጓዶቹ ላይ ላምባ ሞላባቸው። "ካፈሰሰ እንደገና ነው" አለኝ። ጎንበስ ብለን ከሥር ስናይ ቆየን። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፣ ላሟ ታመሰኳለች፣ ላምባው ግን ጠብ አላለም። ብረት ከብረት ጋር በእጄ እንዲህ ተስማምቶ ላምባ እንኳ የማያሳልፍ መሆኑን ሳስብ ሰውነቴን ወረረኝ። ስንት ዓመት ሴቶች ልጆችን ጥልፍ ሳስተምር፣ እጄ ይህን ይችላል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ሌላም ቀን የከሰል ምድጃዬን ጠየቀኝ። በሞተሩ አካልና በክዳኑ መካከል የምትገባ ጓርኒሲዮን የሚሏት የመዳብ ልባስ አለች። አዲስ ከየት ይመጣል? አሮጌዋን በፍም ላይ አግሎ ውሃ ውስጥ ቢነክራት ለስልሳ እንደገና ታገለግላለች። እኔ አራገብሁ፣ እሱ በጉጠት ያዘ። መዳቡ ሲግል መጀመሪያ ወርቅ መሰለ፣ ቀጥሎ ሐምራዊ፣ ቀጥሎ የቀስተ ደመና መልክ ሁሉ ላዩ ላይ ሄደ። ውሃው ውስጥ ስትገባ ጮኸች፤ ስትወጣ እንደ ቆዳ ትታጠፋለች።

የመኪናዋ ጣሪያ የኔ ሥራ ነበር። ከመንገድ ሥራ ካምፑ የተወገደ የድንኳን ሸራ አመጣልኝና በአሮጌው ልክ ቆረጥሁት። በእግር የምትረገጠው የስፌት መኪናዬ ሁለት መርፌ ሰበረች፤ የተሰፋውም ቢሆን ውሃ ባፈስበት በየቀዳዳው ገባ። ጨነቀኝና የቤተ ክርስቲያኑን ጥላና ድንኳን ወደሚሰፉት መሪጌታ ዘንድ ሄድሁ።

"ውሃ በስፌቱ ቀዳዳ እየገባ አስቸገረኝ፣ መሪጌታ።"

"የምን ስፌት ነው ልጄ?"

"የመኪና ጣሪያ ነው።"

አፈርሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ጥቂት አሰቡና "የታቦት ድንኳን ስንሰፋ ክሩን ሰም እናጠጣዋለን። መርፌው የቀደደውን ሰሙ ይዘጋዋል" አሉኝ።

"ለመኪና ይሆናል?"

"ዝናቡ እንደሁ አንድ ነው፤ ታቦት ላይም ይዘንባል፣ መኪና ላይም ይዘንባል።"

ተነሥተው ከሞሰብ ውስጥ የቡጢ ያህል ሰም አውጥተው ሰጡኝ። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። የሐምሌን ወር በእጄ ስሰፋ አሳለፍሁት። ክሩን በሰሙ እየሳብሁ፣ አንዷን ስፌት ከአንዷ እያጠጋጋሁ። ጋጡ ማር ማር ይሸት ነበር።

በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም፣ አንድ ቀን ከሰሜን ተራሮች በኩል ሰማዩ እንደ ጥላሸት ጠቁሮ መጣ። ባለቤቴ "እንሞክረው" አለ። ገፍተን ወደ ግቢው አወጣናትና ሁለታችንም ገባን። በሩን እንደዘጋን በረዶ ወረደ። የደባርቅ በረዶ ቀልድ አያውቅም፤ ሸራው ከራሳችን በላይ እንደ ከበሮ ተመታ፣ መስተዋቱ ነጣ፣ ቤታችን ከዓይናችን ተሰወረ። አንገቴን አቅንቼ ስፌቱን አንድ በአንድ ተከተልሁ። አንዲት ጠብታ ትገባለች ብዬ ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣ አልገባችም። ባለቤቴ እጁን አንሥቶ ሸራውን ከውስጥ በመዳፉ ዳበሰው። ደረቅ ነው። እጁን እዚያው ተወው።

ያን ዕለት ነው ለምን እንደገዛት የነገረኝ። ድምፁን ከበረዶው በላይ ከፍ አድርጎ ነበር የሚናገረው።

"ሳላገባሽ፣ ገና የቀን ሠራተኛ ሳለሁ፣ ሊማሊሞ ላይ ድንጋይ ስፈልጥ እንዲህ ያለች መኪና መጣች። ሁለት ሰዎች ነበሩባት፣ ወንድና ሴት። ጠርዙ ላይ አቁመው ወረዱና ቆላውን ሲያዩ ቆዩ። ምንም ሥራ የላቸውም፤ ለማየት ብቻ ነው የመጡ። እኔ መንገድ ማለት ድንጋይና ጭቃ ነበር የሚመስለኝ። ሰው ሊያየው የሚመጣ ነገር እየሠራሁ እንደሆነ አላወቅሁም።"

"ለምን ቀድመህ አልነገርኸኝም?"

"ቆርቆሮ ስትፈልጊ ይህን ብነግርሽ ምን ትይኛለሽ?"

እውነቱን ነው።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል የቀበሌው ሊቀ መንበር መጣ። ወሬው ደርሶታል። ያን ጊዜ በውጊያው ምክንያት ወደ ሰሜን በኩል ካለ ይለፍ መሄድ ስለማይቻል እኛም እሱን መለመናችን አይቀርም ነበር። ጋጥ ገብቶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አንድ ጊዜ ዞራት።

"ይህች ለሰፊው ሕዝብ ምን ትጠቅማለች?" አለ።

ባለቤቴ "ገና አልተሞከረችም፣ ጓድ ሊቀ መንበር" አለው።

ሊቀ መንበሩ በሩን ከፍቶ ተጎነበሰና ገባ፤ እግሩን ዘረጋ፤ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ብዙ ቆየ። ዓይኑ ከፊቱ ያለውን የጭቃ ግድግዳ ነው የሚያየው፣ ፊቱ ግን ሌላ ቦታ የደረሰ ሰው ፊት ነበር። እኔና ባለቤቴ ተያየን።

"መሬቱ ቅርብ ነው" አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

"አዎ፣ ቅርብ ነው" አለ ባለቤቴ።

ወጥቶ ልብሱን አራገፈና ይለፉን እዚያው ቆሞ ጻፈልን፤ እስከ ሊማሊሞ አፋፍ፣ ለሙከራ።

ከመስቀል በኋላ መንገዱ ደርቆ ጠጠር አለ። ባለቤቴ ባትሪውን ካምፑ ወስዶ አስሞልቶ መጣ። ላሟን አስወጣን። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ እንደ ሰው ሳለና ዝም አለ። ደገመው፣ ሳለ። በሦስተኛው ተነሣ። ኮፈኑ ላይ እጄን አሳርፌ ነበር፤ ንዝረቱ እስከ ክርኔ መጣ። ጆንያ ላይ ተበትኖ ያየሁት ብረት ሁሉ አንድ ሆኖ ሲተነፍስ ተሰማኝ። ሳላውቀው ዕንባዬ ወረደ። ባለቤቴ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

በማግስቱ ጧት ሄድን። ጣሪያውን አጥፈነው ነበር። ገብሱ ዛላ አውጥቷል፣ ሰማዩ ታጥቧል፣ ወገቤ ከመሬት አንድ ክንድ ብቻ ነው ከፍ ያለው። ከደባርቅ ወጥተን ብዙም ሳንርቅ እርሻው ያልቅና መሬቱ ራሱ ያልቃል። ባለቤቴ ከጠርዙ ራቅ አድርጎ አቆመ። ወረድሁ።

እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ። ደባርቅ ስመጣ በዳባት በኩል መጣሁ፣ ስሄድም በዚያው ነው። ከዚህ ወዲያ አይቼ አላውቅም። ከእግሬ ሥር ደመና ነበር። ደመናው ሲገለጥ ገደሉ ወረደ፣ ወረደ፣ እታች ድረስ፤ ከዚያ ወዲያ የዛሪማ ቆላ፣ ከዚያ ወዲያ የዋልድባ አገር በጭጋግ ውስጥ። አንድ ጭልፊት ከእኛ በታች ይበር ነበር፤ ጀርባውን አየሁት። በገደሉ ፊት ላይ ደግሞ ቀጭን መስመር ተጠምዛ ተጠምዛ ትወርዳለች።

"ያ ምንድን ነው?" አልሁት።

"መንገዱ ነው።"

"በዚያ ላይ ግሬደር ይሄዳል?"

"ይሄዳል።"

"አንተ ላዩ ላይ ሆነህ?"

"ሌላ ማን ይሆናል?" አለ። በጣቱ ያሳየኝ ጀመር። ያችኛዋ መታጠፊያ አምና ተንዳ እንዴት እንደከፈቷት፣ ከዚያችኛዋ ላይ የኋላ ጎማው ግማሹ አየር ላይ እንደሚሆን፣ ዝንጀሮ ከላይ ድንጋይ እንደሚያንከባልልባቸው። ስለ ገበያ እንደሚያወራ ሰው ነው የሚያወራው። እኔ ግን አንዴ መንገዱን፣ አንዴ እጁን አያለሁ። ስንት ዓመት ጭቃ ለብሶ ሲመጣ "ጫማህን ደጅ አውልቅ" እያልሁ ተቀብዬዋለሁ። ከየት እንደሚመጣ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። አጠገቡ ቆሜ፣ ባሌን እንደ እንግዳ ሰው አየሁት፤ ትልቅ ሰው ነበር።

ብዙ ቆየን። ፀሐይ ከፍ ስትል እሱ የመኪናዋን ቁልፍ ዘረጋልኝና "ሜዳው ላይ ንጂያት፣ ፍሪሲዮኑን፣ የግራውን መርገጫ፣ ቀስ አድርገሽ ልቀቂ" አለኝ። ሦስት ጊዜ ሞተሩን አጠፋሁባት። በአራተኛው ተንቀሳቀሰች፤ ከገብሱ እርሻ መካከል፣ በሁለት እጄ መሪውን አንቄ፣ እስከ ደባርቅ መግቢያ ነዳሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ጎንደር ሄጄ መንጃ ፈቃድ ተፈተንሁ። ፈታኙ "የት ነው የተማርሽው?" ሲለኝ "ሊማሊሞ አፋፍ ላይ" አልሁት። ቀና ብሎ አየኝና ወረቀቱን ፈረመልኝ። ከዚያ ወዲህ በበጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳባት ገበያ እኔ ነበርሁ የምነዳ። ማድ ቤቱም ቆርቆሮ ለበሰ፣ ዘግይቶ ቢሆንም። ውጊያው ወደኛ ሲቀርብና ቤንዚን ፈጽሞ ሲጠፋ መኪናዋን ለአንድ የጎንደር ነጋዴ ሸጥናት። ሊወስዳት የመጣ ዕለት ባለቤቴ ሥራ አለኝ ብሎ ማልዶ ወጣ። ቁልፉን ያስረከብሁት እኔ ነኝ። ሌላ መኪና አልገዛንም።