ጎሽ፣ ተረፍሽ

ሰው የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድን የዕድሜ ልክ ደጋፊ የሚሆነው ኮሌጁ ገብቶ ስለተማረ ነው የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ጌጤነሽን አያውቋትም። ጌጤነሽ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ እንኳ ደርሳ አታውቅም። ደጋፊ ያደረጋት በረዶ ነው።

በዲቪ አሜሪካ የመጣች ክረምት፣ ለቤተ ክርስቲያን ከተለገሰ የልብስ ክምር ውስጥ ኤሊ የተሳለበት ቀይ ጃኬት ደረሳት። ያንን ለብሳ ሲልቨር ስፕሪንግ ባቡር ጣቢያ ስትደርስ በረዶው አንሸራተታትና በጀርባዋ ተዘረጋች። ተነሥታ ቀሚሷን ስታራግፍ አንድ የማታውቀው ፈረንጅ ጡጫውን ወደ ላይ አንሥቶ፣ «ጎ ተርፕስ» ብሏት አለፈ። እሷ የሰማችው ግን «ጎሽ፣ ተረፍሽ» ነው። ምን ይገርማል? ሰፈሩ ከዳቦ ቤቱ እስከ ጠበቃው ማስታወቂያው በአማርኛ ነው፤ ፈረንጁም ለምዶ ይሆናላ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ እጅ ነሣችው።

ከዚያ ወዲያ ጃኬቱን በለበሰች ቁጥር፣ አውቶቡስ ውስጥም ገበያም፣ መትረፏን የሚያበሥራት ሰው አልጠፋም። ያውም የገዛ አገሯ ሰው ሰላምታውን በሚቆጥብበት ከተማ። ነገሩ «ተርፕስ»፣ ማለትም ኤሊዎቹ፣ የሚባለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን መፈክር መሆኑን የሥራ ባልደረባዋ ሜሪ እየሳቀች ስትነግራት ክረምቱ አልፎ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ጃኬቱን ይጥለው ነበር። ጌጤነሽ ግን፣ «ታዲያ ዋሹኝ? ተርፌያለሁ እኮ» አለችና የዚያን ሳምንት ጨዋታ ቁጭ ብላ አየች። ይኸው እስከ ዛሬ፣ ሲሸነፉም እያየች ነው። ሽንፈቱ ደግሞ ጥቂት አይደለም።

ታናሽ ወንድሟ ፀሐዩ የሚኖረው ጎረቤት ግዛት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። እሱ ደጋፊ የሆነው ባለፈው ወር፣ ልጁ ስሂን ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ መግባቷ የተነገረ ዕለት ነው። ወዲያው የዩኒቨርሲቲውን ብርቱካንማ ቆብ ገዛ፤ የዋጋ ወረቀቱ አሁንም ጆሮው ላይ ይወዛወዛል። የቅርጫት ኳሱን ነጻ ውርወራ «ፔናሊቲ» እያለ ከሁሉ በላይ የሚጮኸውም እሱ ነው።

የስሂን ድግስ ዕለት ጌጤነሽ ቀዩን ጃኬት ለብሳ መጣች። ልጅቱን ያሳደገቻት እሷ ናት፤ የቤተሰቡ ታላቅም እሷ ናት። ስለዚህ ምርቃቱ የእሷ ነው። ፀሐዩ በር ላይ ያዛት።

«እቴቴ፣ አውልቂው። ዛሬ ቪዲዮ አለ።»

«ቪዲዮው ቀይ አያነሣም?»

«የባላጋራ ልብስ ለብሰሽ ልጄን አትመርቂም። ደግሞ ኤሊ! አንበሳ አጥተሽ ነው?»

«ኤሊ ድግስ በተጠራ ቁጥር ቆዳውን አይቀይርም።»

«እንግዲያው ጓደኛዬ ኢንጂነር ወንድሜነህ ይመርቃታል።»

በዚያ ቤት ከዚህ የከፋ ተነግሯት አያውቅም። የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጯ ሳበችና ጥግ ይዛ ተቀመጠች።

ከምሳ በኋላ ወንዶቹ ለምርቃቱ ብድግ አሉ። ራስ ተሸፍኖ አይመረቅምና ፀሐዩም ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። ኢንጂነሩ ጉሮሮውን ሲጠርግ ስሂን በአጠገቡ አልፋ ሄዳ አክስቷ እግር ሥር ተንበረከከች።

«ኖ፣ አባዬ። የምትመርቀኝ አክስቴ ናት።»

ፀሐዩ አፉን ሲከፍት ጌጤነሽ እጇን ዘርግታ ጀምራለች። የተጀመረ ምርቃት ደግሞ አይቋረጥም፤ የቱም ኮሌጅ ይህን ሕግ አልሻረውም።

«ዕውቀቱን ይግለጥልሽ።»

«አሜን» አለ ቤቱ።

«በሄድሽበት፣ የማያውቅሽ ሰው ሳይቀር ጎሽ ተረፍሽ ይበልሽ።»

«አሜን።»

«የገባሽበት ኮሌጅ የገጠመውን ሁሉ ያሸንፍ።»

«አሜን» አለ ፀሐዩ ከሁሉ ድምፁን አስበልጦ። ፊቱም ፈታ አለ።

«ከኤሊዎቹ ጋር በተገናኘ ዕለት ብቻ፣ አንገቱን ደፍቶ ይመለስ።»

«አሜን» አለ ቤቱ እንደለመደው። ፀሐዩም ቆቡን ደረቱ ላይ እንደያዘ፣ «አሜን» አለ።

አፉን በቆቡ ሲከድን ዘግይቶ ነበር። ቪዲዮው ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል።