የትንሿ ንግሥት መዳፍ

በባንስጋርህ ከተማ በሱግና እጅ ያላለፈች ሙሽራ የለችም። ከሠርጓ ማግስት አማቷ ወደ ቤተ መቅደሱ ይዛት ስትወጣ መጀመሪያ የምታገኘው ሱግናን ነው፤ በአሮጌው ቤተ መንግሥት ትልቁ በር ሥር፣ የናስ ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ። ሳህኑ ውስጥ በተነጠረ ቅቤ የታሸ ሲንዱር አለ፤ ባል ያላት ሴት ሁሉ ፀጉሯን መሐል ለመሐል ከፍላ የምትቀባው ቀይ ዱቄት። ሱግና በጣቷ ታነሣና መጀመሪያ በበሩ ግድግዳ ላይ ያሉትን የእጅ መዳፎች ትቀባለች፣ ቀጥላ የሙሽራዋን ግንባር። "ከባልሽ በፊት ያድርግሽ!" ብላ ትመርቃታለች። ቀድመሽው ሙቺ ማለት ነው እንግዲህ። በዚያ አገር ከዚህ የሚበልጥ ምርቃት የለም፤ ሙሽራዋ እግሯን ነክታ ትነሣለች፣ አማቲቱም ደስ ብሏት ታልፋለች።

መዳፎቹ የንግሥቶች ናቸው። ድሮ ንጉሥ ሲሞት ሚስቶቹ ሬሳውን ተከትለው ወደሚቃጠልበት ሜዳ የሚወጡት በዚህ በር ነበር። ግድግዳው ላይ እርጥብ ኖራ ይለሰንላቸዋል፤ ቀኝ መዳፋቸውን ይጫኑበትና ሄደው ከሬሳው ጋር እሳት ውስጥ ይገባሉ። ኖራው ደርቆ ቀረ። ዛሬ ሴቶቹ እንደ አማልክት ናቸው፤ መካኗ ልጅ ትለምናቸዋለች፣ ባሏ የታመመባት የባሏን ዕድሜ። አንዳንዴ ደግሞ መንገድ የሳተ ወይም ትልልቆቹ ከተሞች የሰለቹት ጎብኚ ይመጣል። ግማሹ የሌሊት ወፍ ቤት የሆነውን ቤተ መንግሥት ዞሮ ሲወጣ እዚህ ጋ ይቆምና ይጠይቃል።

"ተገደው ነው?"

"ኧረ እየዘፈኑ ነው የሄዱት!" ትላለች ሱግና። "ይቺ ትንሿማ እየሳቀች ነው።"

ትንሿ ከሁሉም ዝቅ ብላ ነው ያለችው። የልጅ እጅ ናት፤ ጣቶቿ ገና ያልጠኑ። የሱግና አማት ራትኒ ሳህኑን ለሱግና ያስረከበቻት ቀን መጀመሪያ ያሳየቻት ይቺኑ ነበር። "ይቺን ወፈር አድርገሽ ሙያት። መጀመሪያ መስመሮቹን፣ ከዚያ ከብር የተቀጠቀጠ ስስ ወረቀት፣ ከላይ እንደገና ሲንዱር። ግድግዳው ተሰንጥቆ ነው" አለቻት። ሱግና ልትቀባ ጣቷን ስትሰድ ከትንሿ መዳፍ ጣቶች ጫፍ የሚነሡ አራት መስመሮች አገኘች፤ ወደ ውጭ፣ ወደ ሜዳው በኩል የተጎተቱ። ስንጥቅ በአራት አይሄድም፣ በጣት ልክም አይሆንም። ቀና ብላ አማቷን አየቻት፤ ራትኒ ፊቷን አዞረች። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። ሱግናም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት መስመሮቹን እየሞላች፣ "እየሳቀች ነው የሄደችው" እያለች ኖረች። የለመደ እጅ ምን ያደርጋል?

ሥራው ከአማት ወደ ምራት የሚወርድ ነው። አንድ ደንብ ብቻ አለው፤ ሳህኑን የምትይዘው ሴት ባሏ በሕይወት ያለ መሆን አለበት። ባሏ የሞተ ዕለት ሳህኑ ከእጇ ይወጣል። ከበሩ በላይ ያለችው፣ ድሮ ነጋሪት ይጎሰምባት የነበረችው ክፍልም አብራ ትሄዳለች። መበለት ደግሞ ከሙሽራ መንገድ ገሸሽ ማለት አለባት፤ ማለዳ ፊቷን ያየ ሰው ቀኑ ይበላሽበታል ይላሉ። ሱግና ይህን ሁሉ ከልጅነቷ ታውቀዋለች፤ የእሷ ነገር ይሆናል ብላ ግን አስባው አታውቅም።

ያሰበችው ባሏ ጎርዳን መሳል የጀመረ ጊዜ ነው። ከከተማው ወዲያ ማዶ የድንጋይ ካባ አለ፤ የባንስጋርህ ወንድ ሁሉ ጎልማሳነቱን የሚጨርሰው እዚያ ነው። ድሮ ለነገሥታቱ ቤተ መንግሥት የወጣው ቀይ ድንጋይ አሁን ለሩቅ አገር ሆቴል ወለል ይጫናል። አቧራው ግን የትም አይጫንም፤ ቆራጮቹ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። የካባ ሰው ሽበት አያወጣም ይባላል፣ ዐይቼዋለሁ፣ ብዙም አያወጣም። ጎርዳን በመጀመሪያ ደረቅ ሳል ይስል ነበር፤ ሁለት አጫጭር፣ ከዚያ አንድ ረጅም። "ብርድ ነው" አለች ሱግና። ዓመት ሳይሞላ ደረጃውን አርፎ አርፎ መውጣት ጀመረ። በኋላ መውጣቱም ቀረ። የጤና ጣቢያው ሐኪም ደረቱን አዳምጦ፣ የራጅ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ዘርግቶ ካየ በኋላ "ወደ ቤት ውሰጂው" አላት። እሷም ከበሩ በላይ ወዳለችው ክፍል አስወጥታ የገመድ አልጋው ላይ አስተኛችው።

በዚያ አገር ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። ሱግና ሩቅ አገር በዳረቻት ልጃቸው ስም "የዳሊ አባት" ትለዋለች።

"ዛሬስ ስንቷን ዋሽተሽ መጣሽ?" ይላታል ከሥራ ስትገባ።

"አንቱ እስካሉ ድረስ ውሸት አይደለም።"

"እኔ አለሁ እንዴ?"

"ይተነፍሱ የለ? እሱ ይበቃል። በሉ ይቺን አሬራ ይጠጡልኝ፣ እንደ ሕፃን አፍዎን አይዝጉብኝ።"

አሬራውን የምታመጣው ኬሳር ነበረች፤ የጎርዳን ታናሽ ወንድም የካናያ ሚስት። በየጠዋቱ ማሰሮዋን ይዛ በሩ ሥር ትቆማለች።

"እትዬ፣ ጋሼ እንዴት አደሩ?"

"አልሞቱም! ሳህኑ ገና እጄ ላይ ነው፣ ዐይንሽን አንሺልኝ።"

"እኔ ምን አልኩ? አሬራ ነው ያመጣሁት።"

"አይቼዋለሁ፤ ዐይንሽ ተንሳፍፎበታል።"

ኬሳር ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። ካባው ጥግ በቆርቆሮ ክፍል ነው የምትኖረው፤ የማሽላ ቂጣዋን ስትጋግር እንኳ አቧራው ይዘንብባታል። ንጹሕ አየር ያላትን የነጋሪት ቤት ተመኘች። ሳህኑንም ተመኘች። ማን ይፈርድባታል? ሱግና ግን ፈረደችባት፣ ጎረቤቱም ከሁለቱ ማን ይበልጥ ይሳሳል እያለ ያማቸው ነበር።

ሱግና ባሏን ለማቆየት ያላደረገችው የለም። ጾመች። የተደገመበት ክር በእጁም በእግሩም አሰረች። ሾርባ በማንኪያ በጥርሱ መሐል አፈሰሰችበት። ማታ ማታ ጎኑ እንዳይላጥ ታገላብጠዋለች፣ ጠዋት ወርዳ መዳፎቹን ስትቀባ "ጨምሩልኝ" እያለች ትለምናለች። ሰውዬው ግን አልቆ ነበር። አጥንቱ በቆዳው ላይ ይቆጠራል፤ አንድ ትንፋሽ ለማስገባት ትከሻው እስከ ጆሮው ይነሣል።

"ሱግና" አላት አንድ ቀን። በስሟ ጠርቷት አያውቅም። "ልቀቂኝ። ደከመኝ።"

"ትንሽ ይታገሡ፣ የዳሊ አባት። ቲጅ ይለፍ።"

ቲጅ የክረምቱ የሴቶች በዓል ነው፤ የአገሩ ሙሽሮች በሙሉ ወደ በሩ የሚጎርፉበት ቀን። ሱግና ያለችውን የሰማችው ካለችው በኋላ ነው። ጎርዳን አያት፣ ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁ ወዲያው ወደ ሳል ተለወጠና ጨርቁ ላይ ደም ሆኖ ወጣ።

"ጥሩ ነው" አላት ትንፋሹ ሲመለስ። "ለድንጋይ ስሠራ ኖርኩ። ለድንጋይ ቅብ ደግሞ ልሰንብት።"

ያን ዕለት በራሷ አፈረች። ዕድሜ የምትለምነው ለእሱ ነው ወይስ ለሳህኑ? ትወደው ነበር፣ ይህ አይካድም፤ አፉን በጣቷ እየጠረገች ያለቀሰችው ልቅሶ የውሸት አልነበረም። ግን ሲያቃስት እየሰማች ማቆየቷንም አልተወችም።

እስከ ቲጅ አልቆየላትም። በዓሉ ሳምንት ሲቀረው፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ፣ ከገጠር የመጣች አንዲት አማት ምራቷን ይዛ በሩ ሥር ደረሰች። ሙሽሪት ገና ልጅ ናት፣ ለሠርጓ በእንሶስላ የተሣለላት የእጇ ሥዕል አልደበዘዘም። ሱግና መዳፎቹን ቀባች፣ የትንሿን መስመሮች ሞላች፣ የሙሽሪትን ግንባር ቀባች። "ከባልሽ በፊት ያድርግሽ" አለቻት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ እግሯን ስትነካ ካናያ ከላይ በደረጃው ወረደ። ጥምጣሙን አውልቆ በእጁ ይዞታል።

"እትዬ" አለ።

ሱግና አየችው። አማቲቱ ደግሞ ጥምጣሙን አየች። እንዲህ ያለውን ነገር ለማወቅ የሚፈጥን ሰው አለ፤ ሴትየዋ ምራቷን በክንዷ መንጭቃ አነሣቻትና በነጠላዋ ጫፍ ግንባሯን መፈተግ ጀመረች።

"መቼ ነው የሞተው? መቼ ነው!" ትጮኻለች። "ከመበለት እጅ አስቀባሁብሽ! ወይኔ ልጄን፣ ልጄን ገደለችብኝ!"

ግንባሯ እስኪላጥ ፈተገቻት። ሙሽሪት ታለቅሳለች። ሱግና ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ነበር፤ መጮኽ የነበረባት እሷ ናት፣ ግን የሰው ጩኸት ቀደማት። በኋላ ሳህኑን ከእጇ ማን እንደወሰደው አታስታውስም።

የጎርዳን ሬሳ የዚያኑ ዕለት ተቃጠለ። ሴቶቹ ሱግናን በበሩ ደፍ ላይ አስቀመጧት፤ አምባሮቿን በድንጋይ ሰበሩ፣ የፀጉሯን ቀይ በውኃ አጠቡ፣ ቀለም የሌለው ልብስ አለበሷት። አንገቷን ደፍታ ስትቀመጥ ፊት ለፊቷ ያለችው ትንሿ መዳፍ ነበረች፤ ጠዋት ራሷ የቀባቻት፣ ደማቅ።

"እነዚህስ?" አለች ሱግና ወደ ግድግዳው እያየች። "እነዚህስ ባላቸው ሞቶባቸው አልነበር? መበለት አይደሉም እንዴ? ለምንድን ነው እነሱን ቀይ የምንቀባቸው?"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሳህኗን ስትሸከም በኖረችባቸው ዓመታት እንዲህ ብላ አስባ አታውቅም፤ እኔ እንጃ፣ እንድታስብ የተፈቀደላት አሁን ገና ይሆናል። አንዲት ጥርስ አልባ አሮጊት መለሰችላት።

"እነሱ ተቃጠሉ። አንቺ ደግሞ ማታ ቂጣሽን ትበያለሽ።"

ማታ ቂጣዋን በላች። ምን ታድርግ?

ክፍል ተለዋወጡ። ኬሳርና ካናያ ወደ በሩ ቤት ወጡ፣ ሱግና ካባው ጥግ ወዳለው ቆርቆሮ ቤት ወረደች። ሙሽሮች በሚያልፉበት ሰዓት በበሩ በኩል እንዳትመጣ ተነገራት። የነገራትም ራሱ ካናያ ነው፤ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ "እኔ አይደለሁም እትዬ፣ ሰው ነው" እያለ።

የቲጅ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ኬሳር መጣች። ሳህኑን በልብሷ ሸፍና ይዛለች። ካናያ አብሯት መጥቶ ውጭ ቀረ። ሱግና ግቢም ተቀመጪም አላለቻትም። ኬሳር ራሷ ገብታ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች።

"እትዬ፣ ትንሿ እምቢ አለችኝ። እቀባለሁ፣ መስመሮቹ ተመልሰው ይወጣሉ። ትናንት አንዲት ጎብኚ 'እጇን ማን ጎትቷት ነው?' አለችኝ። ምን ልበላት?"

"ምን አልሻት?"

"ዝም አልኩ።" ኬሳር ጣቶቿን አየች። "ስንጥቅ አይደለም አይደል?"

"አይደለም።"

ሱግና ውስጥ አንድ ነገር ሞቅ አለ። በዚህ ዓለም የቀራት ሥልጣን ይህ ብቻ ነበር። ነገ አገሩ ሁሉ በበሩ ያልፋል።

"ተዪው" አለቻት። "ይታይ። አማቶቹም ሙሽሮቹም ይዩት። እየሳቀች እንዳልሄደች ይወቁ።"

"ከዚያስ እትዬ? ካዩት ማን ይመጣል? ከዚያች ክፍል ያስወጡናል። ወደዚህ አቧራ ልመልሰው እንዴ? እሱን?"

ያን ጊዜ ካናያን ውጭ ሳል ያዘው። ሁለት አጫጭር፣ ከዚያ አንድ ረጅም።

ሱግና ጭንቅላቷን ቀና አደረገች። ኬሳር ቶሎ ብላ "ብርድ ነው" አለች። "ዝናቡ መቶት ነው።"

ሱግና የኬሳርን ፊት አየች፤ የራሷን የዚያን ጊዜ ፊት አየችበት። ጥላቻዋ የት እንደገባ አላወቀችም። ማዘኗ ብቻ ተሰማት።

"አዎ" አለቻት። "ብርድ ነው።"

ሲንዱሩን መንካት ስለማይፈቀድላት ሳህኑን ወደ ኬሳር ገፋችው። ከምድጃው ዐመድ አንሥታ በውኃ አሸችና ወለሉ ላይ የትንሽ ልጅ መዳፍ ሣለች፣ ከጣቶቹም አራት መስመር ጎተተች።

"ነይ፣ እዪኝ። ከላይ ወደ ታች አትቀቢ፣ ከዳር ወደ መሐል ነው። መስመሮቹን በጥፍርሽ ጠቅጥቂያቸው። የብር ወረቀቱን ሳይደርቅ ለጥፊው። ቅቤም አትቆጥቢ፣ በክረምት ቶሎ ይታጠባል።"

ኬሳር ጎንበስ ብላ መሙላት ጀመረች። የካናያ ሳል ከውጭ እንደገና ተሰማ። ሁለቱም ቀና አላሉም።

"እዚህ ጋ ቀርቶሻል" አለቻት ሱግና። "ድገሚው።"