ሰማንያ አራት ስንኝና አንዲት ቀይ ነጥብ

አሰብ ውስጥ ግጥም የማይሰማው በማራገቢያ ምክንያት ነው።

የሠራተኞች ክበቡ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ስድስት ማራገቢያዎች ነበሩ። ሁሉም አርጅተዋል፤ ሁሉም ይጮኻሉ። ሲዞሩ፣ የሚያነበው ሰው አፉ ብቻ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ሲጠፉ ደግሞ አድማጩ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተነስቶ ይወጣል። እኔ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። በመጀመሪያው እሑድ ማራገቢያው እየዞረ አነበብኩ፤ ሰዉ በትዕግሥት ተቀምጦ ስለዘገየች መርከብ ሲያወራ ቆየ። በሁለተኛው አስጠፋሁት። አሥራ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ ከጽዳት ሠራተኛዋ በቀር ማንም አልነበረም፤ እሷም የምትጠብቀው ወንበር ለመሰብሰብ ነው።

የባህል ኮሚቴው ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። አስጠሩኝና የእሑድ ጠዋቱን የግጥም ሰዓት፣ ቁጥር እየተጠራ የሚጫወቱት የቶምቦላ ተጫዋቾች እንደሚፈልጉት ነገሩኝ። ከወር በኋላ አንድ እሑድ ጨመሩልኝ። ያን ቀንም ሰው ጥሎኝ ከወጣ ሰዓቱ የቶምቦላ ይሆናል።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የኤርትራ ነጻነት ከመጣ ጥቂት ዓመት ሆኗል። ቀን ቀን ወደብ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ላይ ምልክት እቀባለሁ፤ ማታ ያገኘሁትን ሁሉ፣ የዘይት ጣሳ ላይ የተጻፈውን ሳይቀር አነባለሁ። ከዚያች የእሑድ ሰዓት ሌላ ግጥሜን ለሰው የማሰማበት ቦታ በከተማው አልነበረም። ከአሰብ ወደ ዒድ ወደብ ስለምትሄድ ጀልባ የሚተርክ ሰማንያ አራት ስንኝ ጽፌ ነበር፤ ያልተሰማ ግጥም ደግሞ ሰውን እንደ ጥርስ ሕመም ነው የሚነዘንዘው።

ካልተሰማ ይታይ አልኩ። ሁለት አንሶላ ሰፍቼ አገጣጠምኩና ግጥሙን በጥቁር ቀለም ጻፍኩበት። ግን ሰው የግጥሙን መጨረሻ ቀድሞ በዓይኑ ካየ ቀድሞ ይወጣል። ስለዚህ አዳራሹን በሙሉ ስንኝ በስንኝ እየመራ የሚወስድ ጠቋሚ ያስፈልጋል።

አንድ ጓደኛዬ ከመርከበኛ ያገኘው፣ የቁልፍ መያዣ የሚያክል፣ ሩቅ ላይ ቀይ ነጥብ የሚጥል የሌዘር መብራት ነበረው። ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ሄደበት። ቀፎው ተጨፍልቆ ሆድ ዕቃው ተርፏል፤ ለምኜ ወሰድኩት። የሚፈልጋት የአዝራር ያህል ባትሪ አሰብ ውስጥ ስለማትገኝ በተራ የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሌላ አካል ልሠራለት ተነሣሁ። ሽቦዎቹን በሊድ በየድኩ፣ ከአሮጌ እስክሪብቶ ሞላ አወጣሁ፣ ቀፎውን ለማስቀረጽ ከነዳጅ ማጣሪያው ጡረታ ወጥተው ብረት የሚቀርጹበት ትንሽ ቶርኖ ቤት ወደከፈቱ ሽማግሌ ሄድኩ።

«ምን ይሠራልሃል?» አሉኝ።

«ግጥም ያሳያል፣ ጋሼ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ዱላ አይሻልም ወይ ብለው ጠየቁ። አንሶላው እስከ ጣሪያ እንደሚደርስ አስረዳኋቸው። ረጅም ዱላ አሉ። ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቁም፤ አንድ የነሐስ ቱቦ አንስተው ቶርኖው ላይ አሰሩ። ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። ክዳኑ እንዲጠብቅ ጥርስ አወጡለት፣ ላብ ያለበት እጅ እንዳያንሸራትተው ዙሪያውን ሸረካከቱት፣ ውስጡን በሮንዴላ ቀለበት አስተካከሉት። ደንበኞቻቸው በር ላይ ቆመው ያጉረመርሙ ነበር። ሲያስረክቡኝ የበር መቀርቀሪያ ያህል ይከብዳል። ምንም አልጠየቁኝም፤ እንዳልጥለው ብቻ አስማሉኝ።

ግቢ ውስጥ ሞከርኩት። ምንም አይታይም። የአሰብ ፀሐይ ባለበት ቀይ ነጥብ ቦታ የላትም። ስለዚህ አዳራሹ መጨለም ነበረበት። በምሽት እንዳላደርገው ምሽት አዳራሹ ቪዲዮ ይታይበታል። መስኮቶቹን በካርቶን ደፈንኳቸው። ሲደፈኑ አዳራሹ እንደ ዳቦ ቤት ሆነ፤ ማራገቢያዎቹ በሙሉ ኃይላቸው መዞር ነበረባቸው። ሲዞሩ አንሶላው እንደ ሸራ ተነፋ፤ «ጀልባ» ላይ ያበራሁት ነጥብ «ሽንኩርት» ላይ ያርፋል። እንዳይነፋ በአንሶላው የታችኛው ጠርዝ የውኃ ቧንቧ ሰፋሁበት።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። በእሳት የሚጽፍ ልጅ አለ ተብሎ ተወርቷል። የቶምቦላ ተጫዋቾቹ ሰዓታቸውን ሊረከቡ የፊቱን ረድፍ ይዘዋል። ነጥቧ የመጀመሪያው ስንኝ ላይ አረፈች፤ ሁለት መቶ ከንፈር አብሯት ተንቀሳቀሰ። በሕይወቴ እንዲህ ተነብቤ አላውቅም። አሥራ አንደኛው ስንኝ ላይ ግን ነጥቧ ደከመች፤ አመድ እንደለበሰ ፍም ሆነችና ጠፋች።

ባትሪ ድንጋዩን ቀየርኩ። አልበራችም። የቶርኖው ሽማግሌ ተነስተው ነሐሱን ነኩና እጃቸውን ሰበሰቡ።

«አዲስ መጤ ናት» አሉ። «ሙቀቱን አልለመደችም።»

ከኋላ በበረዶ ሳጥን ለስላሳ የሚሸጡ ሐጂ ነበሩ፤ ከወሎ መጥተው ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ናቸው። ወዲህ አምጣት አሉኝ። በላስቲክ ጠቅልለን ከጠርሙሶቹ መሃል አስተኛናት። አሥር ደቂቃ ጠበቅን። ሰው ይወጣል ብዬ በሩን በሩን አያለሁ፤ ማንም አልተነሣም። አውጥቼ ሳበራት ሰባት ስንኝ ሄደችና ጠፋች። ተመለሰች ወደ ሳጥኑ። ቀጥሎ አምስት ሄደች።

ያኔ ከቶምቦላ ተጫዋቾቹ አንዱ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ «አሁን ስንት?» አለው።

«አራት።»

አራት ሆነ። ከዚያ በኋላ አዳራሹ በሙሉ ቁጥር መጥራት ጀመረ። ከመሃል አንዲት ሴት ሦስት አሉ፤ ሦስት ሆነ፤ ዘመዶቻቸው እጃቸውን ጨበጡ። ነጥቧ ስንኙን ስትጨርስ ሰዉ የሚያየው ቃሉን አልነበረም፤ ትሞታለች ወይስ ትሻገራለች የሚለውን ነበር። ሠላሳ አንደኛው ስንኝ ላይ አንድ ጊዜ ብልጭ ብላ እስከ ዛሬ ላትመለስ ጠፋች። በግጥሜ ጀልባዋ ገና ወደቡ ላይ ቆማ ዕቃ እየጫነች ነው።

እትዬ ተነሥተው ማንም እንዳልወጣ በዓይናቸው አረጋገጡ። ሰዓቱ የግጥም ሆኖ ይቀጥላል አሉ። ሰው ሲወጣ ትከሻዬን እየመታ ያልፋል። ጥሩ ነበር ይሉኛል፣ በተለይ ሰባት የሄደችው ጊዜ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሃምሳ ሦስት ስንኞች ምን እንደሚሉ የጠየቀ የለም።

ሐጂ ብቻ ቀሩ። ሳጥናቸውን እየዘጉ ነበር።

«ያቺ ጀልባ ስኳር ጭናለች አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ ሐጂ።»

«ሠላሳ ጆንያ ብለሃል። ዒድ ደረሰች?»

ሰባ ዘጠነኛው ስንኝ ላይ ትሰጥማለች። አሰጣጠሟን ሁለት ወር ሠርቼበታለሁ፤ ከግጥሙ ሁሉ የማልጠራጠረው እሷን ብቻ ነበር። ሐጂ እጃቸውን ክዳኑ ላይ እንዳደረጉ ይጠብቃሉ። እሳቸውም ወደ ዒድ በጀልባ ዕቃ እንደሚልኩ አውቃለሁ።

«ደረሰች» አልኩ።

«ስኳሩስ? አልረጠበም?»

«አልረጠበም።»

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ሳጥናቸውን ተሸክመው ወጡ።

ያን ሳምንት ከሰባ ዘጠነኛው ስንኝ ጀምሮ ያለውን ሰረዝኩ። ስኳሩን ሳይረጥብ ለማድረስ አሥራ ስድስት ስንኝ ፈጀብኝ።