ሁለት ሊትር ጠዋት፣ ሁለት ሊትር ማታ

ላሟ የሞተችው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጥጃዋ ግን ከዚያ ጥቂት ቀደም ብላ ተወልዳ፣ ጭዱ ላይ አራት እግሯን አራት ቦታ ዘርግታ ለመቆም ትታገል ነበር። ሰውየው አንዴ ሬሳውን፣ አንዴ ጥጃዋን እያየ ትንሽ ቆመ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ተንበረከከ። እናቷ ልሳ ታደርቃት የነበረውን እሱ በደረቅ ጆንያ አሽቶ አደረቃት። አፍንጫዋን ጠረገላት፤ እትብቷን አዮዲን ቀባላት። ከዚህ በኋላ የሚቀረው እንገር ነበር። የመጀመሪያውን ቢጫ ወተት በጊዜ ያላገኘች ጥጃ ውላ ታድር እንደሆነ እንጂ አትሰነብትም፤ ይህን ያውቃል።

ሰፈሩ ይህን ሰው የሚጠራው «ጋሽ ጠብታ» እያለ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ በር ላይ ቆሞ የሰውን ሁሉ ወተት ሲለካና ሲመረምር ኖሯል። ወተት ውስጥ ሲነከር ውሃ የተቀላቀለበት እንደሆነ በመስጠሙ ልክ የሚያሳብቅ ረጅም የብርጭቆ መለኪያ ነበረው፤ ጡረታ ሲወጣም ማስታወሻ ይሁንህ ብለው ሰጡት። አንዱ ወተት አምጪ «ባልዲዬን ሳልከድነው ዝናብ ገብቶበት ነው» ቢለው፣ «እንግዲያው ነገ ዝናቡን ለብቻው አምጣልኝ» ብሎ መለሰው ይባላል። እሱ እንዲህ አላልኩም ይላል። ሲወራ ግን ጆሮውን አይነፍግም።

ላሟ የሚስቱ ነበረች። ከጥጃነቷ ጀምራ ያሳደገቻት፣ ማታ ማታ እያለበች የቀን ውሎዋን የምታጫውታት እሷ ናት። ሚስቱ ከሞተች አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሱና አማቱ ብቻ ናቸው። ሁለቱም ሐዘናቸውን በየልባቸው ይዘው፣ የሚነጋገሩት በላሟ በኩል ሆነ። «ታለበች?» ይላሉ አማቱ። «ታልባለች።» «ውሃስ?» «ጠጥታለች።» የቀኑ ወሬ ያው ነው። እና ያን ዕለት ጠዋት ጥጃዋን ጆንያ ጠቅልሎ ሲያቅፋት፣ ይህችም ከሄደች በዚህ ቤት ቃል የሚያወጣ ነገር እንደማይኖር ገባው።

ከአጥር ወዲያ ያለችው ልብስ ሰፊ ሁለት ላሞች አሏት፤ አንደኛዋ የወለደችው ባለፈው ማታ ነው። ባልዲውን ይዞ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ፣ ሦስት አራት መርፌ በጥርሷ ነክሳ ነበር።

«ጋሼ፣ ምነው በጠዋቱ?»

«ላሟ ሞተች።»

መርፌዎቹን ከአፏ አወጣች። ወደ በረት ገብታ እንገሩን አልባ፣ አረፋው ሳይጠፋ ሰጠችው።

«የኔዋ ጥጃ ብቻዋን አትጨርሰውም» አለች። «ነፍስ እስክታውቅ ድረስ ከዚሁ ይወስዳሉ።»

ጥጃ ከባልዲ መጠጣት አታውቅም። ጡት ያለው ከላይ ነው ብላ ስለምታምን አንገቷን ወደ ሰማይ ትመዛለች፤ የሰው ጉልበት ካገኘችም በግንባሯ ትጎስማለች። እሱ ሁለት ጣቱን ወተት ነክሮ አፏ ውስጥ አደረገላት። መጥባት ስትጀምር እጁን ቀስ እያደረገ ወደ ባልዲው አወረደው። አፍንጫዋ ወተቱን ሲነካ ደንግጣ አነጠሰች፣ ፊቱንም ሸሚዙንም ነጭ አደረገችው።

«ጥምቀትህ ነው» አሉ አማቱ ከበሩ ላይ። ከስንት ወር በኋላ የቀለዱት ቀልድ ነው፤ እሱም ሳቁ አመለጠው። በሦስተኛው ቀን ጣቱን ሲያወጣው ጥጃዋ ልብ ሳትል መጠጣቷን ቀጠለች።

ያን ዕለት ሕጉን ነገራቸው።

«እማማ፣ ጠዋት ሁለት ሊትር፣ ማታ ሁለት ሊትር። ለብ ብሎ። ከኔ በቀር ማንም አይሰጣትም።»

«ቀን ስትጮህስ?»

«ትጩህ። መጮህ አይገድላትም፤ መጥገብ ነው የሚገድላት።»

አማቱ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉት፣ ፈቱት፣ መልሰው ጠቀለሉት።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ቀን ሁሉ ነገር ሰመረ። በዘጠነኛው ቀን ጥጃዋን አስቀመጣት። በማግስቱ ጭራዋና ቋንጃዋ በነጭ ቅማጥ ተለጠፈ፤ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት የባልዲውን ኮሽታ ሰምታ ጆሮዋን አንቀሳቀሰች እንጂ አልተነሳችም።

ጋሽ ጠብታ ተቀምጦ አንድ በአንድ አሰበ። ባልዲው በፈላ ውሃ ይታጠባል። ጭዱ በየቀኑ ይለወጣል። ሙቀቱን በክርኑ ሳይፈትሽ ሰጥቷት አያውቅም። ልኩ አልተዛነፈም። የቀረው ወተቱ ራሱ ነው። እና ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ሥራ የሠራ ሰው፣ ነገር ሲበላሽበት የሚያየው ያንኑ የለመደውን ጥፋት ነው። መለኪያውን ከሣጥኑ አውጥቶ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄደ።

የልብስ ስፌት መኪናዋን እያንቀጠቀጠች ጫፍ ስትቀመቅም አገኛት።

«ምንድን ነው የያዙት?»

«መለኪያ ነው።»

«መለኪያነቱንማ መች አጣሁት። አባቴ ስንት ጊዜ በእሱ አንገቱን ደፍቶ ከጣቢያው ተመልሷል። እኔ ቤት ምን ፈልጎ መጣ ነው የምልዎ።»

«ጥጃዋን አስቀመጣት። አንዴ ልየው ብዬ ነው።»

መኪናዋን አቆመች። የጠዋቱን ወተት በረጅም ብርጭቆ ቀድታ ፊቱ አኖረችለት። መለኪያውን ነከረው። ወረድ ብሎ፣ ወጣ ብሎ፣ መቆም ባለበት ቁጥር ላይ ቆመ። አንዲት ጠብታ ውሃ የለበትም።

«እህ?»

«ንጹሕ ነው።»

እዚህ ላይ ዝም ቢል ይበቃ ነበር፤ ዝም አይነቅዝም። እሱ ግን ልማድ ሆኖበት፣ «ወተቱ ከሞቀ መለኪያው ሊያሳስት ይችላል» አለ።

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ እኔ በነፃ የምሰጥዎ ወተት ውስጥ ውሃ የምጨምረው ምን ላተርፍ ነው? አላመኑኝም? እንግዲያው እማማን ይጠይቋቸው። በየቀኑ ከምሳ በፊት አንድ አንድ ሊትር የሚወስዱት እሳቸው ናቸው። ወተቱ ውሃ ውሃ ካለ የሚጠጣው ሰው ይነግርዎታል።»

«የትኛዋ እማማ?»

«ስንት እማማ አለዎት?»

«እሳቸው ወተት አይጠጡም» አለ ቀስ ብሎ። «ሆዳቸውን ይነፋቸዋል።»

«ለሻይ ነው ብለውኝ…» ብላ ንግግሯን አቋረጠች። ሁለቱም እኩል ወደ አጥሩ ዞሩ።

እሱ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። ልብስ ሰፊዋ ልክ ልኩን ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው።

«በሉ ይሂዱ» አለች። «እስከ ነገ ማታ ወተት የሚባል አይቅመሳት። ውሃ አፍልተው፣ ጨው ቆንጠር፣ ስኳር ጨመር አድርገው ቶሎ ቶሎ ያጠጧት። እኔም ዓምና አንዷን ያተረፍኳት እንዲሁ ነው። ከቆመች ባልዲዎን ይዘው ይምጡ።»

አማቱን ያገኛቸው እዚያው ጋጣ ውስጥ ነው። ጭዱ ላይ ተቀምጠው፣ የጥጃዋን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በጆግ የያዙትን ወተት ሊያጠጧት ይሞክራሉ። ጆጉን ሲነካው ቀዝቃዛ ነው። እሳት ካነደዱ እንዳይነቃባቸው፣ ከትናንት ጀምሮ አልጋቸው ስር ያቆዩት ነበር፤ ሸተት ማለት ጀምሯል።

«እስከ ትናንት ትጠጣልኝ ነበር» አሉ ቀና ሳይሉ። «ዛሬ እምቢ አለችኝ።»

«እማማ፣ ያሳመማት እኮ ይኸው ነው። ተናግሬ ነበር።»

«ተናግረሃል።»

«ታዲያ ለምን?»

አማቱ አሁንም ቀና አላሉም። የጥጃዋን ጆሮ ከሥሩ እስከ ጫፉ ደባበሱት።

«ልጄም ጠይቃኝ ነበር» አሉ።

እሱ የቱን ቀን ማለታቸው እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም። ቀዶ ጥገና የምትገባ ለት፣ የአልጋዋ ራስጌ ላይ ምንም እንዳትቀምስ የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ሚስቱ «እማዬ፣ አንድ ጉንጭ ብቻ» አለች። እናቷ ውሃ ቀዱ። ብርጭቆውን ከእጃቸው ወስዶ መስኮቱ ላይ ያስቀመጠው እሱ ነው።

«ሐኪሙ ልክ ነበር» አሉ አማቱ። «አንተም ልክ ነበርክ፤ አልከስህም። ብሰጣትም ያው ነበር ይሆናል። ግን ልጄ ጠምቷት ነው የሄደችው። ይህቺ ስትጮህ አንተ ከዚያኛው ክፍል አይሰማህም። እኔ ግድግዳዬ ከጋጣው ጋር አንድ ነው። አንጀቴ አልቻለም።»

ባልዲውን ገልብጦ አጠገባቸው ተቀመጠበት። ለአንድ ዓመት ከአራት ወር ስለዚያ ብርጭቆ በዚህ ቤት ማንም ቃል አውጥቶ አያውቅም። የሚላቸው ብዙ ነበረው፤ ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሰማያዊ ብርጭቆ ነበር።»

«አበባ ያለበት» አሉ አማቱ።

«አበባ ያለበት።»

ጥጃዋ በረጅሙ ተነፈሰች። የልብስ ሰፊዋን ምክር ነገራቸው። ወተት የሚለው ላይ ሲደርስ የአሮጊቷ እጅ የጥጃዋ ጆሮ ላይ ቆመ።

«ደግሞ ልትከለክላት ነው?»

«ወተቱን ነው። ውሃ ግን እርስዎ ያጠጧታል። በየሰዓቱ፣ በእጅዎ።»

«ስንት አድርጌ?»

ቁጥር ሊጠራ አፉን ከፈተና ተወው።

«በቃኝ እስክትል» አለ።

ከሰዓቱን እንዲህ አሳለፉት፤ እሱ ማንቆርቆሪያውን እየጣደ፣ እያበረደ፣ ጨውና ስኳሩን እየበጠበጠ ያቀብላል። እሳቸው ሁለት ጣታቸውን አፏ ውስጥ አድርገው፣ በሌላው እጃቸው ከጣታቸው ሥር ቀስ ቀስ ያፈሱላታል። መጀመሪያ የገባው ሁሉ በአፏ ጎን ተመልሶ እጅጌያቸውን አበሰበሰው። በአራተኛው ጊዜ ምላሷ ጣታቸው ላይ ተጠቀለለ።

«ያዘችኝ» አሉ። «ጎተተችኝ እኮ።»

«እጅዎ ደክሟል፣ አምጡ እኔ ልሞክር።»

«አልደከመኝም። ይልቅ ውሃውን ቶሎ አብርድ፤ ምን ያንቀረፍፍሃል።»

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ባልዲውን ይዞ አጥሩን ዞረ። ልብስ ሰፊዋ አልባ ጨርሳ ነበር።

«እንዴት ዋለች?»

«ቆማለች።»

«ማን አጠጣት?»

«እማማ። አሁንም ቁጭ ብለው እየጠበቁኝ ነው። የማታውን እሳቸው ይሰጧታል፣ የጠዋቱን እኔ፤ እንዲያ ተስማማን።»

ሁለት ሊትር ሰፍራ ባልዲው ውስጥ ገለበጠችለት። እሱ አልሄደም። ባልዲውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው።

«ትናንት የተናገርኩት…»

«ጋሼ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ «ወተቱ እየቀዘቀዘ ነው። ይሂዱ።»