ዘፋኙ እኛ ቤት፣ ክራሩ እትዬ ዘሀራ ቤት

ዛሬ ልጄ ሳሎኔ ዙሪያ አምስት ስፒከር ገጥሞልኝ "አባዬ፣ መሀል ተቀመጥና ስማ፤ ሙዚቃው ይከብሃል" ብሎኝ ሄደ።

የሸዋሮቢት ሙቀት መክበቡ አንሶኝ!

በደርግ ጊዜ የነበረን ቴፕ ሁለት ስፒከር ብቻ ነበረው። አባቴ "ለጎረቤትም ይድረስ" ብሎ አንዱን በረጅም ሽቦ አጥር አሻግሮ እትዬ ዘሀራ ግቢ ሰቀለው።

ስቴሪዮ ድምፁን ለሁለት እንደሚከፍል ማን ነግሮት! ዘፋኙ እኛ ጋ ቀረ፤ ክራሩ እነሱ ጋ ሄደ።

"ኧረ ዘፋኙን ላኩልን!" ብለው እትዬ ዘሀራ ተጣሩ።

"እርስዎም ክራሩን ይዘው ይምጡ!" አላቸው አባቴ።

ስፒከሩን ግን ማንም አልመለሰውም። ዘፈኑን ሙሉውን ለመስማት ሁለቱም ቤተሰቦች አጥሩ ሥር መጥተን እንቀመጥ ነበር።

ዛሬ ከአምስቱም ሙሉ ዘፈን እየሰማሁ ነው፤ ብቻዬን።

የእናንተስ ሁለተኛው ስፒከር ማን ቤት ነበር?