በግራ በኩል የተገለጠው እትም

ከምነግርህ ውስጥ አንዳንዱን አሳስቼ ይሆናል። የጀግናው ካባ አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ፣ ዛሬ መሐላ አልገባበትም። ባለፈው ጊዜ የልጄን ደብተሮች በካኪ ስለብድ ግን፣ ያ ደረቅ የወረቀት ሽታ አፍንጫዬን እንደነካው አሶሳ፣ የስምንተኛ ክፍል ዴስካችን ላይ ተመልሼ ተቀመጥሁ።

ዴስኩን የምጋራው ከአንድ የበርታ ነጋዴ ልጅ ጋር ነበር፤ እኔ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ መምህር ልጅ ነኝ። አባቱ ከሱዳን በኩርሙክ በኩል ሳሙናና ስኳር ሲያስመጣ፣ አንዳንዴ ከካርቶኖቹ መሃል በዐረብኛ የተጻፈ ባለ ሥዕል የጀግና መጽሔት ይገኝ ነበር። መጽሔቶቹ ከቤት አይወጡም። ጓደኛዬ በቁርኣን ትምህርት ቤት በተማረው ዐረብኛ ያነብባቸውና፣ ወደ ቤት ስንመለስ በማንጎዎቹ ጥላ ሥር በቃሉ ይተርክልኛል። እኔ ጀግናውን የማውቀው በእሱ ድምፅ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን አንዱን እትም ደብተር እንዲመስል ዙሪያውን በካኪ ለብዶ አመጣልኝ። ‹‹ሥዕሉን እይ፤ ነገ እነግርሃለሁ›› አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ደብተር እንደሚገለጥ ገለጥሁት። መጀመሪያ ላይ ጀግናው ከሕፃናት ጋር ድልድይ ይሻገራል። ቀጥሎ ሕዝቡ የድልድዩን ድንጋይ እየተሸከመ ይሄዳል፤ ድልድዩ ከገጽ ወደ ገጽ ያንሳል። በመጨረሻ ጀግናው ከፍርስራሽ ሥር ብቻውን ተጋድሟል። ሌላ ገጽ የለም። የገዛ ወገኖቹ ድልድዩን አፍርሰው ቀበሩት ማለት ነው! እንዲህ ያለ ታሪክ እንዲህ ሊያልቅ አይችልም፤ የሚነሣበት ገጽ መኖር አለበት አልሁ። ሌሊቱን ስናደድ አደርሁ።

በማግሥቱ ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም እየሰማ፣ ‹‹መጨረሻውን ገንጥለህ አስቀርተሃል›› አልሁት።

‹‹ወላሂ፣ ሁሉም አለ። አንዱም አልተነካም።››

‹‹ውሸታም!››

ከኋላ አንዱ ‹‹ጀግናውን ቀርጥፎ በልቶታል!›› ብሎ ክፍሉን አሳቀ። ጓደኛዬ አልሳቀም። በአላህ ስም ከማለ በኋላ ውሸታም መባሉ ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ አላሰብሁትም። ደብተሮቹን ሰብስቦ ወደ መስኮቱ ጥግ ሄደ። መጽሔቱን እንዴት እንደገለጥሁት አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርሁትም።

ሁለት ሳምንት ያህል ብቻዬን ወደ ቤት ተመለስሁ። ማንጎዎቹ ሥር ወሬ የለም። በመጨረሻ መጽሔቱን ልመልስ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። የቀርከሃው አጥር ከዝናቡ በኋላ ይሸታል፤ አባቱ ከሶላት ተመልሰው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ እናቱ ማሽላ ያበጥራሉ። ‹‹ገጹ ይኑር አይኑር ግድ የለኝም፤ ውሸታም ያልሁህን ይቅር በለኝ›› አልሁት። እንዲህ ማለቴን አስታውሳለሁ።

አባቱ መጽሔቱን ተቀብለው ‹‹የቱ ነው የጠፋው? አሳየኝ›› አሉኝ። ገለጥሁላቸው። እጄን አይተው እስኪያስላቸው ሳቁ።

‹‹ያ ወለዲ፣ ልጄ! አንተ በጓሮ በር ነው የገባኸው። የኛ በዚህ ነው›› ብለው መጽሔቱን ገለበጡት።

ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ነውና፣ የኔ መጨረሻ መጀመሪያው ነበር። ሕዝቡ ጀግናውን ከፍርስራሹ ያወጣዋል፤ እሱም አብሯቸው ድንጋይ እየተሸከመ ድልድዩን መልሰው ይሠራሉ።

‹‹አንተ እኮ ሰውዬውን ገደልከው!›› አለ ጓደኛዬ፤ እየሳቀ።

ያ እትም ዛሬም ከሁሉም የምመርጠው ነው። ጀግናው ኃይሉን አጥቶ እንደማንም ሰው ድንጋይ የሚሸከምበት ብቸኛው ነውና። ሠዓሊውን የምነቅፈው በአንድ ነገር ነው፤ ሰውዬው ከፍርስራሽ ሲወጣ ካባው በካውያ የተተኮሰ ይመስላል።

ለዓመታት የከነከነኝ ግን ቅደም ተከተሉ ነበር። ይቅርታውን የጠየቅሁት መጽሔቱ ሳይገለበጥ ነው ወይስ ከተገለበጠ በኋላ? ከማስረጃ በኋላ ከሆነ፣ መረታት እንጂ ይቅርታ አይባልም። ሰው ደግሞ ለራሱ የሚስማማውን ያስታውሳል።

በቅርቡ ለሥራ አሶሳ ስሄድ ጓደኛዬን ጠየቅሁት። አሁን ጾሬ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ አስተርጓሚ ነው። ‹‹ረስቼዋለሁ፤ ተወው›› አለኝ። እንደማያስቀይመኝ ስለማውቅ አላመንሁትም። እናቱን ጠየቅሁ፤ እሳቸው ለማንም አያደሉም፤ አርጅተዋል፣ ምላሳቸው ግን እንደያኔው ነው። በዚያው በተሰባበረ አማርኛቸው መለሱልኝ።

‹‹አንተ መጀመሪያ አለቀሰ፣ ይቅርታ አለ። መጽሐፉ ገና ብብት ውስጥ ነበር። አባቱ በኋላ ነው የተቀበለው።››